ገበያ ያልወጡት

ሹሙ በበቅሎ መጥቶ ከትምህርት ቤታችን አጥር ሥር ሲወርድ ደስ ብሎኝ ነበር። ይህን አስቀድሜ መናገር አለብኝ። ከዚህ በኋላ በምተርከው ነገር ሁሉ ሌላው ጥፋተኛ፣ እኔ ንጹሕ ሆኜ እንድታይ አልፈልግም። የምናደደው በእሱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ንዴቱ ከብዙ ዓመት በፊት በበረደልኝ ነበር።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። ጋይንት ውስጥ፣ ከንፋስ መውጫ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ በምትርቅ አንዲት ትንሽ ከተማ ሒሳብ አስተምር ነበር። ከተማዋ ዘጠነኛ ክፍል ካገኘች ገና ሁለት ዓመቷ ነው። ከዚያ በፊት ስምንተኛን የጨረሰ ልጅ አቅም ካለው ደብረ ታቦር ይሄዳል፣ ከሌለው ወደ ሞፈሩ ይመለሳል። እኔ የእስቴ ሰው ነኝ። ከመካነ ኢየሱስ ብዙ በማይርቅ ስፍራ ተወልጄ፣ ደብረ ታቦር ተምሬ፣ አዲስ አበባ ለመምህርነት ሠልጥኜ ስመለስ ዕድሜዬ ሃያ አራት ነበር። ከሠላሳ አንዱ ተማሪዎቼ ሦስቱ ይበልጡኛል።

ከሦስቱ አንዱ ከስማዳ ቆላ የመጣ ዲያቆን ነው። ስድስት ዓመት ቅኔ ቤት ቆይቶ፣ ዜማ ጀምሮ፣ በመሃል “እስቲ አስኳላውንም ልየው” ብሎ የመጣ ሰው ነበር። ሌሎቹ “ቲቸር” ሲሉኝ እሱ “የኔታ” ይለኛል። ከቅኔ መምህሩ ጋር የለመደው አጠራር ነው፤ ሊተወው አልቻለም። መጀመሪያ ሰሞን ክፍሉ ይስቅ ነበር፤ እኔም አፍር ነበር። ኋላ ጥግ ላይ ነጠላውን አጣፍቶ ይቀመጣል። የነገርሁትን ነገር ወዲያው አይቀበልም፤ ያገላብጠዋል፣ ዝም ብሎ ያስብበታል፣ ሌላው ተማሪ ረስቶት ሲያበቃ እጁን ያነሣል።

ስታትስቲክስ የመጽሐፉ መጨረሻ ምዕራፍ ነበር። ባለፈው ዓመት ሳይደረስበት ስለቀረ በዚያ ዓመት ወደ ፊት አመጣሁት። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው፤ ምሳሌዎቹ ስለ ባቡር ተሳፋሪና መሬት ላይ ስለሚከመር በረዶ ናቸው። ባቡር ያየ አንድ ተማሪ አልነበረኝም። ስለዚህ መጽሐፉን ዘግቼ፣ ከወላጆቻቸው ቤት እስከ ትምህርት ቤቱ ስንት ሰዓት እንደሚያስኬድ አንድ በአንድ ጠየቅኋቸው። ቁጥሩን ሰሌዳ ላይ ጻፍሁ፤ ደመርን፣ ለሠላሳ አንድ አካፈልን። አራት ሰዓት ወጣ።

“የኔታ፣ ይህ ቁጥር የማን ነው?” አለ ዲያቆኑ።

ሰሌዳውን አየሁት። ከክፍሉ ውስጥ አራት ሰዓት የሚሄድ አንድም ሰው አልነበረም። የከተማውና የአቅራቢያው ልጅ ከአንድ ሰዓት ተኩል አይበልጥም፤ ቤት ተከራይተው የሚማሩት የስማዳና የእስቴ ልጆች ደግሞ አገራቸው የቀን ወይም የሁለት ቀን መንገድ ነው።

“የማንም አይደለም” አልሁት።

“የማንም ካልሆነ ለምን አወጣነው?”

ጥያቄው ደስ አለኝ። ሁሉንም ወደ ውጭ አስወጣኋቸውና ከቅርቡ እስከ ሩቁ በሰልፍ አቆምኋቸው። ከዚህ አሥራ አምስት፣ ከዚያ አሥራ አምስት ቆጥረን መሃል ላይ የቆመችውን አገኘን። ከሦስቱ ሴት ተማሪዎቼ አንዷ ናት፤ የቄስ ልጅ፣ አንድ ሰዓት የምትሄድ። “መካከለኛው ይህ ነው፤ እሷ ቢያንስ በሕይወት ያለች ሰው ናት” አልኋቸው። ሳቁ። አማካይና መካከለኛ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከዚያ ቀን በኋላ የረሳ ተማሪ አልነበረም። እኔም ጎበዝ አስተማሪ ነኝ ብዬ ወደ ቤቴ ገባሁ።

በዚያ ዓመት ክረምቱ ዘግይቶ ገብቶ ቀድሞ ወጣ። እኛ ያለንበት ደጋ ላይ ገብሱ ሳሳ እንጂ ጨርሶ አልጠፋም። ስማዳ ቆላ ግን ማሽላው ፍሬ ሳይዝ እንደደረቀ ይወራ ነበር። ወሬ ነው፤ እኛ ከተማ ውስጥ እህል አልጠፋም። ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያው ይቆማል፣ የሚፈልግ ይገዛል። እኔም እንደ ሌላው የከተማ ሰው በላሁ፣ ጠጣሁ።

ሹሙ የመጣው ኅዳር ላይ ነው። ከየትኛው መሥሪያ ቤት እንደተላከ አልጽፍም፤ ልጆች አሉት፤ ልጆቹ ምንም አላደረጉኝም። ንጹሕ ካኪ የለበሰ፣ ለስላሳ አንደበት ያለው ሰው ነበር። ዲሬክተሩ ቢሮ ተጠራሁና ስገባ ከወንበሩ ተነሣልኝ።

“መምህር፣ የሒሳብ አዋቂ መሆንዎን ሰምቻለሁ” አለኝ።

አዋቂ ያለኝ ሰው እስከዚያ ቀን አልነበረም። ከቆዳ ቦርሳው የወረቀት ክምር አወጣ። ቅዳሜ ከጸሐፊዎቹ ጋር ገበያ ውሎ፣ ያገኘውን ገበሬ እያስቆመ ዘንድሮ ስንት ጫን እህል እንዳስገባ ጠይቆ አስጽፏል። አሁን የሚፈልገው ተደምሮ፣ ተካፍሎ፣ ለአንድ ቤት ስንት እንደሚደርስ እንዲታወቅ ነው። ወደ ላይ የሚላክ ጉዳይ ነው።

“ለተማሪዎችዎም ልምምድ ይሆናቸዋል” አለ።

ወረቀቱን እንደ ሽልማት ታቅፌ ወጣሁ። ሦስት ቀን ሠራንበት። ክፍሉን እንዲያ ሞቅ ብሎ አይቼው አላውቅም። ከመጽሐፍ ያልተቀዳ፣ መንግሥት የሚፈልገው እውነተኛ ሒሳብ ነው። በአምስት በአምስት ሆነው ደመሩ፣ እርስ በርስ ተራረሙ፣ አንድ ጫን ሲጎድል ተጣሉ። በመጨረሻ የወጣውን ቁጥር ሰሌዳው ላይ በትልቁ ጽፌ ሁለት ጊዜ አሰመርሁበት። ክፉ ቁጥር አልነበረም። አንድን ቤተሰብ ባያጠግብም እስከሚቀጥለው አዝመራ የሚያደርስ ነው።

ዲያቆኑ እጁን አነሣ።

“የኔታ፣ እነዚህ ሰዎች የት ነው የተጠየቁት?”

“ቅዳሜ ገበያ።”

“እህል የሌለው ሰው ገበያ ምን ይሠራል?”

እሱ ቀጠለ፤ ድምፁን ከፍ አላደረገም። “የእኛ አገር ሰው ዘንድሮ ገበያ አልወጣም። የሚሸጠው የለውም፤ የሚገዛበትም የለውም። እዚህ ወረቀት ላይ ያለው እኮ ሲጀመር እህል ስላለው የመጣው ሰው ነው።”

እንዴት አድርጎ እንደነገረኝ እስካሁን ቃል በቃል አስታውሳለሁ፤ ምክንያቱም አንድ ዓመት ሙሉ ባስተምር ከዚያ የተሻለ ማስተማር አልችልም ነበር። አንድ ናሙና ከየት እንደተወሰደ ሳያውቁ ቁጥሩን ማመን እንደማይቻል ማሠልጠኛው ውስጥ ተምሬዋለሁ። ፈተና ላይ መልሼዋለሁም። እሱ ሳይማረው ያውቀዋል። እኔ ተምሬው አላየሁትም።

ታዲያ ምን አልሁት? “ተቀመጥ” አልሁት። “እኛ የተጠየቅነው እንድናካፍል ነው፤ መንግሥት እንድንመረምር አይደለም።”

“እሺ የኔታ” አለና ተቀመጠ።

በማግሥቱ ወረቀቱን ለሹሙ አስረከብሁ። ከሥር “ያሰላው” በሚለው ቦታ ፈረምሁ። በሁለት እጁ ጨበጠኝና በቅሎው ላይ ወጥቶ ሄደ።

የዚያ ሳምንት ቅዳሜ ጨው ልገዛ ገበያ ወጣሁ። ጨው ከሚሸጥበት ቀጥሎ የቆለኞች ተራ ነበር። ጥጥ፣ ማሽላ፣ በርበሬ ይዘው ከስማዳ የሚወጡ ሰዎች ድሮም የሚቀመጡት እዚያ ነው። ቦታው ባዶ ነበር። ሕጻናት ኳስ ይጫወቱበታል። ጨው የምትሸጠውን ባልቴት ጠየቅኋት።

“እናቴ፣ እነዚህ ሰዎች ዛሬ ምነው ቀሩ?”

“ዛሬ ብቻ መሰለህ? ከመስቀል ወዲህ የመጣ የለም ልጄ” አለችኝ። “አሁን ነው ያየኸው?”

አዎ፣ አሁን ነው ያየሁት። በየሳምንቱ ከዚያ ባዶ መሬት አጠገብ ቆሜ ጨው ስገዛ ነበር።

ሰኞ ክፍል ገብቼ ሰሌዳው ላይ የቀረውን ቁጥር አጠፋሁት። “ባለፈው ሳምንት የተሳሳትሁት እኔ ነኝ፤ እሱ ነው ትክክል። ተቀመጥ ማለት አልነበረብኝም” አልሁ። ዲያቆኑ አንገቱን ደፋ። ሌሎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አስተማሪ ተማሪ ፊት ተሳሳትሁ ሲል ሰምተው አያውቁም። ወሬው ለዲሬክተሩ ደረሰና ጠርቶ ገሠጸኝ፤ “አስተማሪ ቢሳሳትም ለብቻው ነው የሚያርመው” አለኝ።

ለገና ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ እያንዳንዱ ተማሪ ባዶ ወረቀት ይዞ ወደ አገሩ እንዲሄድ አደረግሁ። ገበያ ላይ አትጠይቁ አልኋቸው። ከደብሩ በር ተነሥታችሁ አምስተኛውን ቤት፣ ከዚያ እንደገና አምስተኛውን፣ እንዲሁ እያላችሁ ሃያ ቤት ሙሉ። ዘመድ ቤት ስለሆነ አትለፉ። ውሻ ስላለ አትለፉ። ዳገት ስለሆነ አትለፉ።

“ቤቱ ዝግ ቢሆንስ ቲቸር?” አለ አንዱ።

“ዝግ ብላችሁ ጻፉ።”

“ዝግ ቤት ምን ይነግረናል?”

“አላውቅም” አልሁት። እውነቴን ነው፤ አላውቅም ነበር። “ብቻ ባዶ አትተዉት።”

ከጥምቀት በኋላ ተመለሱ። የሁሉንም ወረቀት አንድ በአንድ አየሁ። የቄሱ ልጅ ወረቀት ከሌሎቹ ይለያል፤ እኔ ያላዘዝኋትን መስመር አስምራ ለእያንዳንዱ ቤት ሁለት ቁጥር ጽፋበታለች።

“ይህ ሁለተኛው ምንድን ነው?” አልኋት።

“የመጀመሪያው አባወራው የነገረኝ ነው። ሁለተኛው ጎታው የነገረኝ ነው።”

“እንዴት አድርጎ?”

“አባወራውን ስጠይቀው ‘ተመስገን፣ አለ’ ይላል፤ ቁጥርም ይጠራል። ከዚያ ውኃ አጠጡኝ ብዬ ጓዳ ስገባ እማወራዋ ‘ነይ፣ ይህን ምቺው’ ትለኛለች። ሙሉ ጎታና ባዶ ጎታ ሲመቱት ድምፁ አንድ አይደለም።”

“ሰዎቹ ዋሹ ማለት ነው?”

“አልዋሹም። ቤታቸው ለገባ እንግዳ የለኝም ማለት አቃታቸው እንጂ። ደግሞ የቄሱ ልጅ ናት ብለው ያውቁኛል።”

የእሷ አገር ደጋ ነው፤ ደህና ነው የሚባለው። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት በአብዛኛው ቤት ግማሽ ያህል ነበር። የሹሙን ወረቀት አስታወስሁ። ገበያ መሃል፣ ጎረቤቱ እየሰማ፣ ካኪ የለበሰ ሰው አስቁሞ ሲጠይቀው፣ የትኛው ገበሬ ነው ጎታዬ ባዶ ነው የሚለው?

ዲያቆኑ አራት ቀን ዘግይቶ መጣ። ከስቶ፣ ከንፈሩ ደርቆ ነበር። ወረቀቱን በሁለት እጁ ሰጠኝ። የቤተ ክህነት የቁም ጽሕፈት ነው፤ ያምራል። ከሃያ መስመር አሥራ አንዱ ላይ “ዝግ” ይላል።

“ዝግ ማለት ምንድን ነው? ውለው የሚመለሱ ናቸው?” አልሁት።

“በራቸው ላይ እሾህ ተደርጓል የኔታ። አንዳንዱ ወደ ጎጃም ወርዷል፣ አንዳንዱ ወደ መተማ። የሁለቱ ቤት ሰዎች ግን አልሄዱም፤ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ናቸው።”

ተቀብረዋል ማለቱ እንደሆነ ለመረዳት ጊዜ ወሰደብኝ። ዓይኔን ከወረቀቱ ላይ ማንሣት ስላቃተኝ ወደ ታች ማንበብ ቀጠልሁ። አሥራ አራተኛው መስመር ላይ ከ“ዝግ” ቀጥሎ አንዲት ትንሽ መስቀል ነገር ነበረች።

“ይቺስ?”

“እሱ የእህቴ ቤት ነው። ዘመድ ቤት አትለፉ ስላሉን ጻፍሁት። ከሦስት ልጆቿ ጋር ወደ ጎጃም ሄዳለች አሉኝ። መቼ እንደሄደች የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም።”

ወረቀቱን አጥፌ ከሌሎቹ ጋር አስቀመጥሁት።

በማግሥቱ ሠንጠረዡን ልንሠራ ተቀመጥን። አንድ ጎበዝ ተማሪዬ፣ ክፋት ሳያስብ፣ “ዝግ የሆኑት ቁጥር ስለሌላቸው እናውጣቸውና በቀሩት እናካፍል” አለ። መጽሐፉም እንዲያ ነው የሚለው። በቡጢ ጠረጴዛውን መታሁት። ልጁ ደነገጠ። የተቆጣሁት እሱን እንዳልሆነ ነግሬ፣ ሰሌዳው ላይ በሁለቱም መንገድ አሰላሁላቸው። ዝጎቹን ስናወጣ የስማዳ ቆላ አማካይ ደህና ይመስላል፤ ምክንያቱም የቀሩት ትንሽ እህል ያላቸው ናቸው። ብዙ ሰው በሄደና በሞተ ቁጥር አማካዩ እያማረ ይሄዳል። ሁሉም ቢያልቁና አንድ ባለጎተራ ቢቀር ስማዳ የጥጋብ አገር ሆና ትጻፋለች። ይህን ሲያዩ አንድም ተማሪ አልሳቀም። ቤቶቹን በሰልፍ ደርድረን መሃል የቆመውን ብንፈልግ፣ መሃል ላይ የቆመው ዝግ ቤት ነበር።

ሠንጠረዡን በንጹሕ ወረቀት ገለበጥን፤ እኔም የገበያው ቁጥር ለምን እንደማይታመን የሚያስረዳ ደብዳቤ ጻፍሁ። ዲሬክተሩ ማኅተም አላደርግም አለኝ።

“ማን አዘዘህ?” አለኝ።

“ማንም አላዘዘኝም። የፈረምሁት ስሕተት ስለሆነ ላርመው ነው።”

“ጡረታዬ ሁለት ዓመት ነው የቀረው። በአንተ ሠንጠረዥ ይህን የተቀመጥሁበትን ወንበር ማጣት አልፈልግም። አንተም ልጅ ነህ፣ ተመከር።”

ማኅተም ሳይኖረው፣ ከተማሪዎቹ ወረቀቶች ጋር ይዤው ሄድሁ። የሹሙ ቢሮ ያለበት ከተማ የሁለት ቀን መንገድ ነው። ዲያቆኑ “እኔም ልምጣ፤ አገሬን እኔ ላስረዳቸው” ብሎኝ አብረን ወጣን። ቢሮው በር ላይ ስንደርስ ሹሙ አወቀኝና በፈገግታ ተቀበለኝ። ከዚያ ከኋላዬ የቆመውን ሰው አየ፤ አቧራ የለበሰ እግሩን፣ ነጠላውን አየ።

“ይህ ማነው?”

“ተማሪዬ ነው። ከስማዳ ቆላ ነው፤ ያየውን ሊነግርዎ—”

“ውጭ ይቆይ።”

ውጭ ቆየ። እኔ ገባሁ። የሁለት ቀን መንገድ አብሮኝ የመጣ፣ የእህቱን ቤት በገዛ እጁ ዝግ ብሎ የጻፈ ሰው በር ላይ ሲቀር አንድ ቃል አልተነፈስሁም።

ሹሙ ሠንጠረዡን በጥሞና አነበበ። ስለ ገበያው ነገርሁት፤ ስለ ጎታው፣ ስለ ዝግ ቤቶቹ። አላቋረጠኝም። ሰነፍ ሰው አልነበረም፤ ገብቶታል። እንደገባው ፊቱ ላይ አየሁት።

“ይህን መቼ ነው ያወቁት?” አለኝ።

“ከፈረምሁ በኋላ ነው።”

“ከፈረምህ በኋላ” አለ። አንቱታው እዚያ ላይ ቀረ። መሳቢያውን ስቦ የካርቦን ግልባጭ አወጣና አዞረልኝ። ወደ ላይ የሄደው ሪፖርት ነው። ከቁጥሩ ሥር በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የሒሳብ መምህር ተጣርቶ ትክክለኛነቱ መረጋገጡን ይገልጻል። ስሜም አለበት።

“እኔ አካፈልሁ እንጂ አላረጋገጥሁም” አልሁት።

“ማካፈሉ ስሕተት አለው?”

“የለውም።”

“ታዲያ ትክክል ነዋ።”

“የተጠየቁት ሰዎች ናቸው ትክክል ያልሆኑት። እባክዎ፣ ስሜን ያውጡልኝ።”

“የሄደ ወረቀት አይመለስም። እኔ አሁን ረኀብ አለ ብዬ ብጽፍ፣ በኅዳር ደህና ነው ያልኸው ለምንድን ነው ይሉኛል። አንተንም ይሉሃል።” ሠንጠረዡን ከወረቀቶቹ ጋር አጥፎ መሳቢያው ውስጥ ከተተው። “ተወው እዚህ፤ አየዋለሁ።”

“ይመልሱልኝ። ሌላ ግልባጭ የለኝም።”

“አየዋለሁ አልሁህ።”

ያን ጊዜ ነው ድምፄ የወጣው። ምን እንዳልሁት በሙሉ አላስታውስም፤ ጠረጴዛውን ስገፋው ቀለሙ ተደፍቶ ካኪው ላይ መፍሰሱን አስታውሳለሁ። ዘበኛው ክንዴን ይዞ አስወጣኝ። ዲያቆኑ ከበሩ ፊት ለፊት ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነበር።

“ተቀበሉ?” አለኝ።

“ወረቀቱን ተቀበሉ።”

ስንመለስ ግማሽ ቀን ያህል ሄድን። አንድ ወንዝ ዳር ውኃ ልንጠጣ ስንቀመጥ፣ ፊቱን ሳያዞርልኝ፣ “የኔታ፣ ያን ቀን ተቀመጥ ባይሉኝ ኖሮ ወረቀቱ ሳይፈረም ይቀር ነበር” አለ። ለመውቀስ አይደለም የተናገረው፤ ነገሩን ሲያገላብጥ ደርሶበት ነው።

“አዎ” አልሁት።

ሁዳዴ ሲገባ ቆለኞቹ ወደ ከተማችን መጡ። አሁን ማንም ወሬ ነው ሊል አልቻለም፤ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ተደርድረው ያያቸዋል። ተማሪዎቼ ከየቤቱ እህል እየለመኑ ንፍሮ ያበሉ ነበር። የቄሱ ልጅ የመጀመሪያው ወረቀቷ እጇ ላይ ቀርቶ ነበርና ለአባቷ አሳየችው። አባቷ የገዛ ምእመኖቻቸውን ሁለት ቁጥር ጎን ለጎን ካዩ በኋላ ሰበካውን ሰብስበው የደብሩን ጎተራ አስከፈቱ። ከሠራነው ሁሉ ለሰው አፍ የደረሰው ያ አንድ ወረቀት ነው። ከላይ የተላከ እህል ሲመጣ ሚያዝያ አልቋል፤ ያመጡት በቅሎዎችም ከጠባቂዎቹ ብዙ አይበልጡም ነበር።

ዲያቆኑ የሁዳዴ ሁለተኛ ሳምንት ላይ ትምህርቱን ትቶ እህቱን ሊፈልግ ወደ ጎጃም ወረደ። እኔንም ግንቦት ላይ፣ ፈተና ሊደርስ ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ ወደ ሌላ ጠቅላይ ግዛት አዛወሩኝ። ደብዳቤው ከሥራዬ ውጭ በሆነ ጉዳይ ገብቻለሁ ይላል። ዲሬክተሩ ደብዳቤውን ሲሰጠኝ ዓይኑን አላነሣም። የሄድሁ ዕለት እጁን ዘረጋልኝ፤ አልጨበጥሁትም። ብዙ ሰው ይህን ስነግረው ሽማግሌ ነው፣ መጨበጥ ነበረብህ ይለኛል። እኔ አይቆጨኝም።

ከሁለት ዓመት በኋላ ከዲያቆኑ ደብዳቤ ደረሰኝ። ከእህቱ ልጆች ሁለቱን አግኝቷል። እህቱንና ትንሿን ልጅ አላገኘም። ጎጃም ውስጥ በአንድ ደብር ቅኔ እያስተማረ ልጆቹን ያሳድጋል። ወደ አስኳላው አልተመለሰም። ስለ ሹሙ አንድ ቃል አልጻፈም፤ ስለ ገበያውም አልጻፈም። ሁለቱ ልጆች ቁጥር እየተማሩ መሆናቸውን ነው የነገረኝ።

ሹሙን አንድ ጊዜ አዲስ አበባ ውስጥ በመኪና ሲያልፍ አየሁት። በሹመት አድጓል፤ ያማረ መኪና ነው። መንገዱ ስለተጨናነቀ መስኮቱ አጠገቤ ቆመ። አየኝ፤ ያወቀኝም መሰለኝ። መናገር የምፈልገው ብዙ ነበር። አፌን ሳልከፍት መኪናው ሄደ። ከዚያ እግረኛው መንገድ ላይ ቆሜ፣ ሰው እያየኝ፣ ብቻዬን ጮክ ብዬ ተናገርሁ። በዚያ የትምህርት ክፍል ውስጥ፣ ዲያቆኑ እንደቆመ፣ “ተቀመጥ” በማለት ፈንታ ልለው የሚገባኝን ነበር የተናገርሁት፤ “ልክ ነህ፤ ይህን ወረቀት አልፈርመውም።”